ሰባ ሁለት ሰዓት ለከዚራ ቢሮዎች

ከዚራ ከባቡሩ ጋር የተወለደች ሰፈር ናት። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ሲገባ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎቿ ተቀየሱ፤ ዕቃውም ወሬውም በጣቢያዋ በኩል መግባት ጀመረ። ባቡር ሲዘገይ ጣቢያው ላይ የቆመ ሁሉ ያያል። ዛሬ የነጋዴው ገንዘብ የሚያልፍበት መስመር ሲበላሽ ግን ባለቤቱ ካልተናገረ ማንም አያይም።

አዲሱ ሕግ የሚነካው ይህንኑ ዝምታ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የደንበኞቹ መረጃ ያፈተለከበት ድርጅት በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያዛል። የመናገር ግዴታ ራሱ አዲስ አይደለም። የ2008ቱ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅም አገልግሎት ሰጪዎች በሥርዓታቸው የተፈጸመ ወንጀል ሲያውቁ ለመረብ ደህንነቱ መሥሪያ ቤት ለኢንሳና ለፖሊስ እንዲናገሩ ያስገድድ ነበር። አሁን የተጨመረው ሰዓቱ ነው።

ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ መጋቢት 6 ለ7 ሌሊት 2016 ዓ.ም. አይተናል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ሲዛባ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ከ490 ሺህ በላይ ዝውውር ተካሄደ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው የወጣው ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር ነበር። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የተዛመተው ባንኩ አገልግሎቱን ከመዝጋቱ በፊት ነው። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አልነበረም ብሏል፤ ይሁን። ቅዳሜ ጧት ገንዘቡን ማውጣት ላልቻለ ሰው ግን ጥቃትም ይሁን ብልሽት ያው ነው። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል፦ ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎች ፎቶግራፍ በቅርንጫፎች በር ላይ ተለጠፈ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል ዳታ አዋጁን ያጸደቀው ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው።

የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢንሳ) በየዓመቱ ከተሞከሩት ጥቃቶች ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆኑትን እንዳከሸፈ ይነግረናል። ደግ ነው። እኔ ግን ስላልከሸፉት ማወቅ እመርጣለሁ፦ ድርጅቱ በስንት ሰዓት ቆመ? ደንበኛው መቼ ተነገረው? ቁጥሩ የሚቆጥረው በር ላይ የተመለሰውን ሌባ ብቻ ነው።

አደጋን ችሎ መነሣት የሚለካው በተገዛ ሶፍትዌር አይደለም። ምትክ ቅጂ አለ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ ቅጂ ተነሥቶ ሥራ ለመጀመር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ሞክሮ ማወቅ ሌላ። የባንኩ ዋና ሥርዓት ያለው አዲስ አበባ ነው፤ የከዚራው ቅርንጫፍ ሠራተኛ ዓርብ ማታ የማይመስል ነገር ሲያይ ለማን ይደውላል? አገልግሎቱን የማቆም ሥልጣንስ የማን ነው? ማቆሙ ሐሰተኛ ማንቂያ ሆኖ ቢገኝ ይቀጣል ወይስ ይመሰገናል? በአብዛኛው መሥሪያ ቤታችን ክፉ ወሬ ለአለቃ ያደረሰ ሰው ራሱ ጥፋተኛ መስሎ ይታያል። ይህ ካልተለወጠ 72 ሰዓቱ የሚያልቀው ወሬው ከቅርንጫፍ ወደ ዋና መሥሪያ ቤት ሲጓዝ ነው።