ጥጥ መፍተልን ለጀማሪዎች ስለ ማስተማር

በአገራችን ጥጥ መፍተል ከጥንት ጀምሮ የቤት ሙያ ነው። ጋቢው፣ ኩታውና ቡሉኮው ሴቶች ፈትለው፣ ሸማኔ ሸምኖ የሚገኝ ነው። የፋብሪካ ክር ከተስፋፋ ወዲህ ግን ብዙ ሸማኔዎች ድሩን ከፋብሪካ ክር እያደረጉ የእጅ ፈትልን ለማጉ ብቻ ይጠቀሙበታል። በዚህም ምክንያት ሙያው ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍበት መንገድ ጠብቧል። ፈትልን በትርፍ ጊዜያቸው ለመማር የሚፈልጉ ሰዎች ሲመጡ የኤክስቴንሽን ሠራተኛውና የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ከምን መጀመር እንዳለባቸው ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ከስሕተታችን የተማርነው

አስቀድመን የራሳችንን ስሕተት እንናገር። በአንድ ሥልጠና ላይ ለጀማሪዎች እንዝርት አከፋፍለን፣ በማሽን ተዳምጦ በጥብቅ ታስሮ የቆየ ጥጥ ሰጠናቸው። ክሩ በየስንዝሩ ተበጠሰ። ሠልጣኞቹም እጃችን አልታዘዝ አለን ብለው ተስፋ ቆረጡ። በመካከላቸው የነበሩ አንዲት ባልቴት ግን ጥጡን በጣታቸው ፈልቀቅ አድርገው አይተው፣ ያልተነደፈ መሆኑን ነገሩን። ደጋን ተፈልጎ ጥጡ ሲነደፍ እነዚያው ሠልጣኞች በዚያው ቀን ክር ማውጣት ጀመሩ። የፈትል ሥራ ግማሹ እንዝርት ከመያዝ በፊት የሚያልቅ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳን።

ጥጡን መምረጥ

ጥጡ በሚገባ ከፈነዳ ፍሬ፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ የተለቀመና ቅጠል ያልገባበት ይሁን። ሳይበስል የተለቀመ ጥጥ ጭረቱ ደካማ ስለሆነ ሲነደፍ ይቋጠራል። ነጭ ዝንብና ክሽክሽ ካጠቃው ማሳ የተገኘ ጥጥ ደግሞ ነፍሳቱ በሚያወጡት ጣፋጭ ፈሳሽ ምክንያት እጅ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ተባይን መቆጣጠር ለፈታዪቱም ይጠቅማል። ጥጥን በፕላስቲክ ማዳበሪያ ከረጢት ማጨቅ አይገባም፤ ከከረጢቱ የሚላላጠው ክር ከጥጡ ጋር ይፈተላል፣ ጨርቁ ቀለም ሲነከርም እርሱ ቀለሙን አይቀበልም።

መዳመጥና መንደፍ

ጥጡን በዝርግ ድንጋይ ላይ አድርጎ ቀጭን የብረት ዘንግ በላዩ ሲያንከባልሉበት ፍሬው ተለይቶ ይወጣል። ከ3 ኪሎ ግራም ያልተዳመጠ ጥጥ 1 ኪሎ ግራም ገደማ የተዳመጠ ጥጥ ይገኛል፤ የቀረው በአብዛኛው ፍሬ ነው። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት በጥጡ ውስጥ ሲርገበገብ የተቋጠረው ይፈታል፣ አቧራው ይራገፋል፣ ጥጡም እንደ አረፋ ይነፋል። ይህ ባዘቶ ነው። ባዘቶው ላላ ተደርጎ ሲጠቀለል አመልማሎ ይሆናል። የአመልማሎውን ጫፍ በሁለት ጣት ሲስቡት ጭረቱ በእኩል ከወጣ ለመፈተል ደርሷል። ጓል እየሆነ ከተነጨ ግን እንደገና ይነደፍ።

እንዝርቱን መልመድ

ክር ብርታት የሚያገኘው ከመክረሩ ነው። የአንድ የጥጥ ጭረት ርዝመት 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ እነዚህን አጫጭር ጭረቶች አያይዞ የሚይዛቸው ክሩ መክረሩ ነው። ጀማሪ ማሽከርከሩና መሳቡ አንድ ላይ ይከብደዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለት ሁለት ሆነው ይለማመዱ፤ አንዱ እንዝርቱን ያሽከርክር፣ ሌላው አመልማሎውን ይሳብ፣ ከዚያም ይለዋወጡ። እንዝርቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሽከርከር፤ ወደ ኋላ ከዞረ የከረረው ይፈታል።

ጉድለቱን ከክሩ ላይ ማንበብ ይቻላል፦

1. ክሩ ተንሸራቶ ከተለያየ በበቂ አልከረረም።

2. ላላ ሲያደርጉት በየቦታው እየተቆለመመ ከተቋጠረ ከመጠን በላይ ከርሯል።

3. አንዱ ቦታ ወፍሮ ሌላው ከቀጠነ ወይ ባዘቶው በእኩል አልተነደፈም፣ ወይ የሚስበው እጅ ቸኩሏል።

ድር ወይስ ማግ

ድር በሸማኔው ዕቃ ላይ ተወጥሮ የሚውልና የሚፋተግ ስለሆነ ቀጭን፣ እኩልና የከረረ መሆን አለበት። ማግ ግን ለስላሳና ላላ ያለ ቢሆን አይጎዳም። ስለዚህ ጀማሪ ከማግ፣ በተለይም ከጋቢ ማግ ይነሣ። የመጀመሪያውን ልቃቂት መጣል አይገባም፤ ከወር በኋላ ከተፈተለው ጋር ሲተያይ መሻሻሉን ያሳያል።

ማኅበሩ ከመወሰኑ በፊት

አንዳንድ ማኅበራት ሥልጠናው ሳይጀመር ፈትልን የገቢ ምንጭ አድርገው ያቅዳሉ። ይህ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የእጅ ፈትል ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ ውኃ በመቅዳትና እንጨት በመልቀም የደከመች ሴት ላይ ሌላ ሸክም መጨመር ልማት አይባልም። ስለዚህ በመጀመሪያ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኖ፣ በፈቃደኞች ብቻ ይጀመር። እያንዳንዷ ፈታይ ለአንድ ወር የተጠቀመችበትን ጥጥ ክብደትና ዋጋ፣ ለመንደፍና ለመፍተል የፈጀችውን ሰዓት፣ ያገኘችውን ፈትል ክብደት ትመዝግብ። መጻፍ የማትችል ከሆነች የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ይመዝግብላት። ሸማኔው ለፈትሉ ከሚሰጠው ዋጋ ላይ የጥጡ ዋጋ ተቀንሶ ቀሪው ለሰዓቱ ሲካፈል፣ የድካሟ ዋጋ ይታወቃል። ዋጋው አነስተኛ ከሆነ ፈትሉ መዝናኛና የቤት መገልገያ ሆኖ ይቀጥል፤ ደኅና ከሆነ ግን ማኅበሩ በልበ ሙሉነት ሊያቅድበት ይችላል።

በመጨረሻም፣ በየአካባቢው ደጋንና እንዝርት የሚያውቁ አዛውንት እናቶችን ፈልጎ ማግኘት ከሁሉ ይቀድማል። ጥሪው እንዲሁ የክብር ብቻ አይሁን፤ ማኅበሩ እንደ ማንኛውም አሠልጣኝ የድካማቸውን ዋጋ ይክፈላቸው።