ክረምት ከመግባቱ በፊት የመኖሪያ ቤትና የእህል መጋዘን ጣሪያን መፈተሽና መጠገን

እህል ታጭዶ፣ ተወቅቶና ተበጥሮ ቤት ከገባ በኋላ የገበሬው ሥራ ያለቀ ይመስላል። ዳሩ ግን የዓመቱ ድካም በአንድ የላላ ሚስማር ቀዳዳ ሊበላሽ ይችላል። በኬሻ ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ እህሉ ይረጥባል፣ ይሞቃል፣ ይሻግታል፤ አጠገቡ ያለውንም ያበላሻል። ለዘር የተቀመጠ ከሆነ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። በተለይ በቆሎና ለውዝ ሲሻግቱ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊፈጠርባቸው ይችላል፤ ይህም መርዝ በመቀቀል ወይም በመጋገር አይወገድም። ስለዚህ ጣሪያን መጠገን ምርትን የመጠበቅ ሥራ አንዱ ክፍል መሆኑን የልማት ሠራተኞች ለገበሬው እንዲያስረዱ እናሳስባለን።

ምርመራው መቼ ይደረጋል?

ዝናቡ በሰኔ በሚጠናባቸው አካባቢዎች ምርመራውና ጥገናው በግንቦት ውስጥ ማለቅ አለበት። የበልግ ዝናብ ባለባቸው ቦታዎች ደግሞ በጥር አንድ ጊዜ ማየት ያስፈልጋል። ሌላው ምርመራ አዲሱ ምርት ከመግባቱ በፊት በጥቅምት ይደረጋል። ከኃይለኛ ነፋስ ወይም ከበረዶ በኋላም ጊዜ ሳይሰጡ ማየት ይገባል።

ከውስጥ የሚደረግ ምርመራ

1. በቀትር ፀሐይ በርና መስኮት ዘግቶ ወደ ላይ መመልከት። ብርሃን የሚያስገባ ነጥብ ሁሉ ቀዳዳ ነው። ከውጭ በኩል እንዲታወቅ ቀጭን ሽቦ ወይም ስንደዶ ማሾለክ ይጠቅማል።
2. የውሃ ምልክት ያለበትን ወራጅና ማገር መከታተል። ውሃ በእንጨቱ ላይ ቁልቁል ስለሚሄድ የሚንጠባጠብበት ቦታና ቀዳዳው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ቀዳዳውን ከምልክቱ ወደ ላይ ፈልጉ።
3. ወራጁንና ማገሩን በቢላዋ ጫፍ መውጋት። ቢላዋው በቀላሉ ከገባ ወይም የምስጥ አፈር ከታየ ቆርቆሮውን ከመንካት በፊት እንጨቱ ይለወጥ።
4. ዝናብ ሳይዘንብ፣ ሰማዩ ጠርቶ በበረደበት ሌሊት የቆርቆሮው ውስጥ ከረጠበ ጣሪያው አላፈሰሰም፤ የቤቱ እርጥበት በቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆኖ ነው። መድኃኒቱ በግድግዳውና በጣሪያው መካከል አየር ማስገቢያ መተውና ወፍና አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ መሸፈን፣ እንዲሁም በሚገባ ያልደረቀ እህል አለማስገባት ነው።

ከውጭ የሚደረግ ምርመራና ጥገና

እርጥብ ጣሪያ ላይ መውጣት ክልክል ነው። መሰላሉን አንድ ሰው ይያዝ። ከላይ ያለው ሰው ከሥሩ ማገር ባለበት፣ ማለትም ሚስማር በተመታበት መስመር ላይ ይርገጥ ወይም ጣውላ አንጥፎ ይሂድ።

የላላን ሚስማር በዚያው ቀዳዳ መልሶ መምታት ጥቅሙ ለጥቂት ቀናት ነው፤ የእንጨቱ ቀዳዳ ስለሰፋ ነፋስ እንደገና ያወጣዋል። ሚስማሩን አውጥቶ፣ ጎማ ያለው ረዘም ያለ የቆርቆሮ ሚስማር መምታትና ዙሪያውን በሬንጅ መድፈን ይሻላል። ሚስማር ሁልጊዜ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይመታል። በቦዩ ላይ ከተመታ የሚወርደው ውሃ ሁሉ በቀዳዳው ላይ ያልፋል።

ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው የተለበጠበት ዚንክ ነው። ቅጠል፣ ጭቃና ድንጋይ እርጥበት ይዘው ስለሚቆዩና ልባጡን ስለሚፍቁ መነሳት አለባቸው። ነፋስ እንዳይወስደው በማለት ድንጋይ መጫን የተለመደ ቢሆንም፣ ቆርቆሮን የሚይዘው ጠንካራ ማገርና ሚስማር ነው። ቀላል ዝገት በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል። ሲጫኑት የሚሰበር ከሆነ ቆርቆሮው ይለወጥ። አዲሱ ቆርቆሮ ሲገባ የላይኛው በታችኛው ላይ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር፣ በጎን ደግሞ አንድ ጉብታ ተኩል ይደረብ።

የሣር ክዳን

ሣር ቤት ቶሎ የሚጎዳው ጉልላቱ አካባቢ ነው። የሳሳ፣ የጠቆረና አይጥ የቦረቦረው ሣር ተነቅሎ በደረቅ ሣር ይተካ፤ ሥራውም ከታች ወደ ላይ እየተደረበ ይሂድ። የክዳን ሣር የሚታጨደው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሲደርስ ስለሆነ፣ ለግንቦት ጥገና የሚያስፈልገው ከጥቅምት እስከ ኅዳር ታጭዶ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን

ማኅበሩ ለጣሪያው ኃላፊ የሚሆኑ ሁለት አባላት ይምረጥ፤ የተገኘው ጉድለትና የተጠገነበት ቀን በመዝገብ ይጻፍ። ጥቂት ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ሬንጅ በመጠባበቂያ ይያዝ። ጥገናው እንዳለቀ አንድ ሰው ከውስጥ እየተመለከተ፣ ሌላው ከጣሪያው ጠርዝ ጀምሮ ወደ ላይ ውሃ እያፈሰሰ ይፈትኑት። ኬሻዎች በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ርቀው ይደርደሩ። የረጠበ ኬሻ ከተገኘ ወዲያው ተለይቶ ይውጣ፤ የሻገተውን ከደረቁ ጋር መቀላቀል ወይም ለከብት መስጠት አይገባም።

የልማት ሠራተኛው በቀበሌው አንድ ቤት መርጦ ይህን ሥራ ጎረቤቶች ባሉበት በተግባር ቢያሳይ፣ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ውጤት ያገኛል።