ያልገባው ዕቃ በምን ይለካል?

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር 38 ዓይነት ዕቃዎችን ዘርዝሮ፣ ባንኮች ኤልሲ (የገቢ ዕቃ ክፍያ ዋስትና ሰነድ) እንዳይከፍቱላቸው ለብሔራዊ ባንክ በጻፈ ጊዜ፣ ውስኪና ሽቶ፣ ቸኮሌትና በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል በአንድ መዝገብ ተጠሩ፤ ምክንያቱም የውጭ ምንዛሬ እጥረት ነበረ። የነዳጅ አውቶሞቢል በሌላ ውሳኔ እንደ ታገደ ቢቀርም፣ ዝርዝሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ሥርዓት በተለወጠ ዕለት ተሻረ።

ይህ ጊዜያዊ አጥር ምን ያህል ዕቃ አስቀረ ቢባል፣ የጉምሩክን መዝገብ ገልጦ የ2014ንና የ2015ን ገቢ ማቀናነስ የሚበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያው ዘመን ያልታገደ ዕቃ የሚያስመጣውም ነጋዴ ለዶላር ወረፋ ይጠብቅ ስለ ነበር፣ ጉድለቱን ሁሉ በዕገዳው ማሳበብ ፍርደ ገምድልነት ነው። ርቱዕ የሆነው ስሌት፣ ከታገደው ጋር የሚቀራረብ ነገር ግን ያልታገደ ዕቃ መርጦ የሁለቱን ጉድለት ማነጻጸር ነው፤ ለምሳሌ የታገደው ከመቶ 80፣ ያልታገደው ከመቶ 20 ቢቀንስ፣ የዕገዳው ድርሻ 60ው ብቻ ነው። ከታገደው የተረፈው ዶላር ወደ ያልታገደው ከዞረ ግን ይህም ሚዛን ይዛባል።

በሰበታ በጅማ መንገድ፣ በቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ በሱሉልታ በጎጃም መንገድ ዳር ካሉት ሱቆች በአንዱ መደርደሪያ ላይ የታገደ ሽቶ ቢታይ፣ ዕገዳው ከንቱ ነበረ ለማለት አያስደፍርም፤ ጠርሙሱ ከዕገዳው በፊት ተከማችቶ፣ በመንገደኛ ሻንጣ ወይም በኮንትሮባንድ ገብቶ ሊሆን ይችላልና። ከጠርሙሱ ይልቅ የተለጠፈበት ዋጋ ብዙ ይናገራል፤ ከሌሎች ሸቀጦች ዋጋ ተለይቶ ከናረ፣ አጥሩ ይዟል ማለት ነው።

ከዋጋው ቀጥሎ ሁለተኛው ምስክር የሻጩ አገር መዝገብ ነው። በእኛ ጉምሩክ የሚጻፈው ዋጋ የመርከብ ኪራይና መድን ስለሚጨመርበት፣ በወትሮው ሻጩ አገር ለኢትዮጵያ ሸጥሁ ብሎ ከሚጽፈው ይበልጣል፤ አንሶ ሲገኝ፣ ዕቃው ዋጋው ተቀንሶ፣ በሌላ የታሪፍ ቁጥር ተሰውሮ፣ ወይም ከነጭራሹ ሳይመዘገብ እንዳለፈ ያስጠረጥራል።

ዕገዳው ከተነሣ በኋላ ያለው ዘመን ደግሞ የበለጠ ያደናግራል። አጥሩ በፈረሰበት ሰሞን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ ሁለት መድኃኒት በአንድ ቀን የዋጠ በሽተኛ የትኛው እንደ ፈወሰው እንደማያውቅ፣ የገቢ ዕቃ ቢጨምርም ባይጨምርም ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ መስጠት አይቻልም።

ዕገዳው የታወጀው ዶላር ለማትረፍ ነውና የመጨረሻው መስፈርት በጉምሩክ በር የቀረው ዕቃ ብዛት ሳይሆን የተረፈው ዶላር ሊሆን ይገባል። በጥቁር ገበያ በተገዛ ዶላር በድብቅ የገባው ሁሉ ከዚያ ላይ መቀነስ አለበት፤ በዚህ መንገድ የገባ ዕቃ ምንዛሬውንም ቀረጡንም አሳጥቷልና።