ልምምዱ ራሱ አደጋ ሲሆን

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ለመብረር የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከመሬት በተላቀቀ ጊዜ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገባበት። አብራሪዎቹ ወደ ተነሡበት ለመመለስ ሲጥሩ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ፤ አውሮፕላኑም ጎማውን ሳያወጣ በሆዱ ሜዳ ላይ ወርዶ በእሳት ተያያዘ። በውስጡ ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሲሞቱ 69ኙ ተረፉ።

እንዲህ ያለው ቀን የሚመጣው ሳይታሰብ በመሆኑ አብራሪ ሁሉ ሞተር በጠፋበት አውሮፕላን ማረፍን አስቀድሞ መለማመድ ይገባዋል። በዚህ ረገድ የሚከራከር የለም። እኛ ዛሬ ለማንሣት የፈለግነው ልምምዱ ራሱ የሚያስከፍለውን ዋጋ ነው።

በደብረ ዘይት የአየር ኃይል እጩ አብራሪዎች በስዊድን ሠሪው ሳፊር ይሠለጥኑ በነበረበት ዘመንም ሆነ ዛሬ፣ የአንድ ሞተር አውሮፕላን ልምምድ መልኩ አንድ ነው። አሠልጣኙ የኃይል መቆጣጠሪያውን በድንገት ወደ ኋላ ይስብና «ሞተርህ ጠፍቷል» ይላል። ተማሪው የነፋሱን አቅጣጫ አይቶ፣ ማሳ መርጦ፣ እየተንሳፈፈ ይወርዳል። ወደ መሬት ሲቃረብ አሠልጣኙ ኃይል ሰጥቶ ሽቅብ ይወጣል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ በዝቅተኛ ኃይል የቆየ ሞተር ይቀዘቅዛል፤ አየሩ እርጥበት ካለው በካርቡሬተሩ ውስጥ በረዶ ይጋገራል። ስለዚህ ለልምምድ የጠፋው ሞተር በተጠራ ጊዜ የማይመልስበት አጋጣሚ አለ። ጥንቁቅ አሠልጣኝ በመውረድ ላይ ሳለ አልፎ አልፎ ኃይል እየሰጠ ሞተሩን የሚፈትነው ለዚህ ነው። ደብረ ዘይትን በመሰለ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ቦታ ደግሞ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩ ቢመልስም ሽቅብ የሚወጣው በዝግታ ነው። ከፊት ከላይ ሲታይ የማይለይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቢኖርስ? ተማሪው ያሰበው ማሳ የራቀ መስሎት አፍንጫውን ቀና ካደረገም ፍጥነቱ ይወድቃል፤ ክንፉ መሸከም ያቆማል።

ብዙ ሞተር ባላቸው ትልልቅ አውሮፕላኖች ጉዳዩ ሌላ ነው። በአንድ ወገን ያሉት ሞተሮች ሲቀነሱ የሌላው ወገን ኃይል አውሮፕላኑን ያዞረዋል፤ የጭራው መሪ ሊገታው የሚችለው በቂ ፍጥነት እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ፍጥነቱ ከወደቀ በኋላ በደኅናዎቹ ሞተሮች ላይ ኃይል መጨመር መገልበጡን ያፋጥነዋል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 ቀን 1959 በኒው ዮርክ አቅራቢያ ለልምምድ የወጣ የአሜሪካን ኤርላይንስ ቦይንግ 707 ወድቆ አምስቱም ሠራተኞች አለቁ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን በ707 ላይ የአንድ ወገን ሞተሮች ጠፍተዋል ተብሎ ማረፍን የሚያስገድደውን ደንብ አስቀረ።

ይሁንና እ.ኤ.አ. መጋቢት 30 ቀን 1967 እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ፣ የዴልታ ኩባንያ ዲሲ-8 በኒው ኦርሊንስ ሁለት ሞተሮች ጠፍተዋል ተብሎ ማረፍን ሲለማመድ በመኖሪያ ቤቶችና በሆቴል ላይ ወደቀ። ከስድስቱ ሠራተኞች ሌላ በምድር የነበሩ 13 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም ውስጥ ለጉብኝት ከዊስኮንሲን የመጡ ሴት ተማሪዎች ነበሩ። ወታደር የልምምዱን አደጋ አውቆ ይገባበታል። በሆቴል አልጋቸው የተኙት ልጆች ግን ማንም አልጠየቃቸውም። መርማሪዎች ለአደጋው ምክንያት ካደረጓቸው አንዱ የአሠልጣኙ ቁጥጥር ጉድለት ነበር።

ይህንንም መፍረድ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። አሠልጣኝ ቶሎ ከነጠቀ ተማሪው አይማርም፤ ከዘገየ ሁለቱም ያልቃሉ። የትልልቆቹ አውሮፕላኖች ልምምድ በአብዛኛው ወደ ምድር ማለማመጃ ተዛውሯል፤ አዲስ አበባም ይኸው መሣሪያ አላት። ትንሿ አውሮፕላን ግን ነፋስንና ማሳን ማንበብን የምታስተምረው እዚያው ሰማይ ላይ ነው። ስለዚህ መልካም አሠልጣኞች ሳይነሡ በፊት ከየትኛው ከፍታ በታች እንደማይወርዱ ከተማሪው ጋር ይስማማሉ፤ አሠልጣኙም «እኔ ይዣለሁ» ባለ ጊዜ ተማሪው እጁን ከመሪው ላይ እንዲያነሣ ሞተሩ ሳይነሣ ያለማምዱታል።