ቆዳ ጠራ ማለት በሽታው ለቀቀ ማለት ነው?

ማይኮሲስ ፈንጎይድስ ሲጀምር ችፌ ይመስላል። ፀሐይ በማይነካው የሰውነት ክፍል፣ በዳሌ ወይም በጡት አካባቢ፣ ደረቅ ምልክት ይወጣል፤ ያሳክካል፣ ጠፋ ሲባል ይመለሳል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ነጣ ብሎ ሊታይም ይችላል። ብዙ ታማሚዎች የበሽታቸውን ትክክለኛ ስም የሚሰሙት ቅባት ሲቀያይሩ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ችግሩ ያለው ግን ቲ-ሴል በሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ላይ ነው፤ ከበሽታ ሊጠብቁን የተፈጠሩት እነዚህ ሴሎች ወደ ካንሰር ተለውጠው ቆዳ ውስጥ ይሰፍራሉ።

አንዱ ሕክምና የኤሌክትሮን ጨረር ነው። ታማሚው ልብሱን አውልቆ፣ ዓይኑ ተከልሎ፣ ከማሽኑ ጥቂት ሜትሮች ርቆ ይቆማል። ጨረሩ መላ ቆዳውን እንዲያዳርስ እጁን እያነሳ፣ እግሩን እያራራቀ ስድስት ዓይነት አቋቋም ይቆማል። ጨረሩ ጠልቆ ስለማይገባ የውስጥ አካላትን እምብዛም አይነካም። በዚያው ልክ፣ በደም የሚዘዋወሩትን የካንሰር ሴሎችም አይደርስባቸውም።

ታዲያ መድኃኒት ቢጨመርበትስ? የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም 103 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ይህንኑ ፈተነ። ግማሾቹ ጨረርና ጠንካራ ኪሞቴራፒ አንድ ላይ ወሰዱ፤ የቀሩት ቆዳ ላይ በሚቀባ መድኃኒት ጀምረው ደረጃ በደረጃ ታከሙ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ታተመ። በሽታው ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸው ከመጀመሪያዎቹ 38 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 18 በመቶ ነበሩ። በሕይወት በቆዩበት ጊዜ ግን ጎላ ያለ ልዩነት አልታየም፤ የመድኃኒቱ ጉዳት ደግሞ በጥምሩ ቡድን ላይ በረታ። ማወዳደሪያ ቡድን ባይኖር ኖሮ ያ 38 በመቶ ድል ተብሎ በተጻፈ ነበር።

ጥያቄው ዛሬም አልተዘጋም፤ መሣሪያዎቹ ግን ተለውጠዋል። ቀድሞ እስከ 36 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ይሰጥ የነበረው ጨረር አሁን ለብዙዎች ወደ 12 ግሬይ ዝቅ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሞጋሙሊዙማብ የተባለ መድኃኒት ደግሞ የታመሙት ቲ-ሴሎች ገጽ ላይ ከሚበዛው ሲሲአር4 ከተባለ ፕሮቲን ጋር ይጣበቅና ለሌሎች የመከላከያ ሴሎች ዒላማ ያደርጋቸዋል። ከቆዳ ይልቅ በደም ውስጥ ይበልጥ ይሠራል። ጨረሩ ለቆዳው፣ መድኃኒቱ ለደሙ፤ ተመራማሪዎች ሁለቱን አጣምረው የሚሞክሩት በዚህ ተስፋ ነው።

ተስፋው ምክንያት አለው፤ ማስረጃ የሚሆነው ግን ሲፈተን ነው። ቆዳው ጠርቶ ስንት ጊዜ ቆየ? ማሳከኩ ቀንሶ እንቅልፍ ተገኘ? ሰውየው ረዘም ላለ ጊዜ ኖረ? ጥምር ሕክምና የቀረበለት ታማሚም «አንዱን ብቻ ብወስድ ምን ይቀርብኛል?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ መብቱ ነው።