ዐሥር ጎራሽ

በእጅ እየተቀረቀረ የሚተኮስ ጠመንጃ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ጎራሽ ነው?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት «ሲያልቅ በምን ይሞላል?» ተብሎ እንዲጠየቅ እወዳለሁ። ይህን ጥያቄ ከእንግሊዙ ሊ ኢንፊልድ የተሻለ የሚመልስ መሣሪያ አላውቅም። የድሮ ጠመንጃ ወዳጆች ስለ ማውዘር ትክክለኛነት ሲያወሩ ውለው ያድራሉ፤ የሊ ኢንፊልድ ካዝና ግን ተገቢውን ክብር አላገኘም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተኳሹ የመቀርቀሪያውን እጀታ አንሥቶ ወደ ኋላ ሲስብ ባዶው ቀለህ ይወጣል፤ መልሶ ሲገፋ ከካዝናው ጫፍ አዲስ ጥይት ይዞ በርሜሉ ውስጥ ይከታል። ካዝናው ከሥሩ ሞላ ያለው የቆርቆሮ ሣጥን ነው። ስኮትላንድ ተወልዶ ካናዳ ያደገው ጄምስ ፓሪስ ሊ ይህን ሣጥን እ.ኤ.አ. በ1879 በስሙ አስመዘገበ። ዓድዋ ላይ አያቶቻችን ከያዟቸው መሣሪያዎች አንዱ የሆነው ውጅግራ ካዝና አልነበረውም፤ አንድ ተኩሶ አንድ ይጎርሳል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1888 የሊን ሣጥን በስምንት ጥይት ጀመሩና በ1892 ዐሥር አደረሱት። ማውዘር አምስት፣ የሩሲያው ሞሲን አምስት፣ በ1928 ዓ.ም. ሀገራችንን የወረረው የጣሊያን እግረኛ የያዘው ካርካኖ ስድስት ነው።

በቁጥር ከሄድን እንግሊዝ እነዚህን ሁሉ በልጧል። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1902 በደቡብ አፍሪካ ከቦኤር ሰፋሪዎች ጋር በተደረገው ጦርነት ባለ ዐሥሩ እንግሊዝ በባለ አምስቱ ቦኤር ብዙ ተቸግሯል። ቦኤሩ በቀጭን የብረት ማሰሪያ የተሰደሩ አምስት ጥይቶችን ከላይ አስቀምጦ በአውራ ጣቱ አንዴ ገፋ ያደርግና ማውዘሩ ይሞላል። እንግሊዙ ዐሥሩን ጥይት ከቦርሳው አንድ በአንድ እየለቀመ መክተት ነበረበት። ካዝናው ላይ የምትንሸራተት መዝጊያ ነበረች፤ ወታደሩ እሷን ዘግቶ ጥይት በነጠላ እያጎረሰ እንዲተኩስና ዐሥሩን ለክፉ ቀን እንዲያቆይ ይታዘዝ ነበር። ትልቅ ካዝና ተሠርቶ ቶሎ መሙያ ስላልተሠራለት እንደ ቅርስ ተቆልፎ ተቀመጠ ማለት ነው። ከጦርነቱ በኋላ የመጣው አጭሩ ሊ ኢንፊልድ ነገሩን አስተካከለ፦ ከላይ የማሰሪያ መግቢያ ተሠራለትና ባለ አምስቱ ማሰሪያ ሁለት ጊዜ ሲገፋ ዐሥር ሆነ።

ይህን የማያውቁ ብዙዎች ናቸው። ለንደን ውስጥ አንድ ሙዚየም ስጎበኝ አስጎብኚው የጠመንጃውን ካዝና በጣቱ እያሳየ ለተማሪዎች «ወታደሩ ይህን ነቅሎ ሌላ ይተካል፣ ልክ እንደ ክላሽ» ሲላቸው ሰማሁ። ካዝናው ይነቀላል፤ እዚህ ላይ ትክክል ነው። የሚነቀለው ግን ለጽዳትና ለጥገና ነው። ለወታደሩ የሚሰጠው አንድ ካዝና ብቻ ነበር፤ በቀደሙት ሞዴሎች ላይ ደግሞ እንዳይጠፋ በሰንሰለት ቀለበት ከጠመንጃው ጋር ታስሮ ነበር። በወገቡ የታጠቀው በማሰሪያ የተሰደረ ጥይት እንጂ ትርፍ ካዝና አይደለም። ዛሬም አሮጌ ሊ ኢንፊልድ ይዘው ካዝናውን በየተኩሱ የሚነቅሉ አሉ። የሣጥኑ አፍ ላይ ጥይቱን የሚይዙት ሁለት ከንፈሮች ስስ ቆርቆሮ ናቸው፤ መሬት ላይ አንዴ ከወደቀና ከተጣመሙ ጥይቱ አቅጣጫውን ይስታል። እባካችሁ ተዉት፤ ከላይ ሙሉት።

አሞላሉም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የዚህ ጠመንጃ ጥይት በቀለሁ ቂጥ ዙሪያ ወጣ ያለ ጠርዝ አለው። ችግሩን ያሳዩኝ በወጣትነታቸው ይህንኑ መሣሪያ የያዙ አንድ አዛውንት ናቸው። «ጋሼ፣ ይህ ጠመንጃ ጥይት ይነክሳል ይባላል፤ እውነት ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው አናጢ ከሚሠራበት ግቢ አምስት ሚስማር አስመጡ። አንዱን ሚስማር በሌላው ላይ አስተኙና የላይኛውን ራስ ከታችኛው ራስ ኋላ አደረጉት። «በል ልጄ፣ የላዩን ወደ ፊት ግፋው» አሉኝ። ስገፋው ራስ ከራስ ተጋጨና ቆመ። ከዚያ የላይኛውን ራስ ከታችኛው ፊት አደረጉት፤ ያለ ምንም እንቅፋት ሸርተት ብሎ ሄደ። «ጠመንጃው ምን አጠፋ? የሚነክሰው ያላየ እጅ ሲሞላው ነው» አሉ። ከላይ ያለው ጥይት ጠርዝ ሁልጊዜ ከሥሩ ካለው ጠርዝ ፊት መሆን አለበት። አምስቱ በማሰሪያው ውስጥ ሦስቱ ዝቅ፣ ሁለቱ ከፍ ብለው ተሰባጥረው የሚሰደሩትም ለዚሁ ነው። ዐሥር ጥይት በሚይዝ ካዝና ደግሞ ይህ ስህተት ሊፈጠር የሚችልበት ቦታ ከባለ አምስቱ ይበዛል። ይህን ሳያጣሩ ሞልተው «እንግሊዝ ሠራሽ አይረባም» የሚሉትን ስሰማ አዝናለሁ።

አሞላሉ ይህን ያህል ጥንቃቄ ቢፈልግም ዐሥሩ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። የሊ ኢንፊልድ እጀታ የሚነሣው 60 ዲግሪ ያህል ነው፤ የማውዘሩ 90 ነው። አጭር እንቅስቃሴ ያለው መቀርቀሪያ ጥይት ቶሎ ይጨርሳል፤ ስለዚህ ሰፊ ካዝና ይገባዋል። እ.ኤ.አ. የ1909ኙ የእንግሊዝ የተኩስ መመሪያ ወታደሩ በ300 ያርድ ርቀት በአንድ ደቂቃ ውስጥ 15 ጥይት አነጣጥሮ እንዲተኩስ ይፈትነው ነበር። ፈተናው ሲጀመር ካዝናው ውስጥ የሚሆነው አራት ጥይት ብቻ ነው፤ ቀሪውን በማሰሪያ እየሞላ ይተኩሳል። የተፈተነው የአሞላል ፍጥነትም ጭምር ነበር።

ከዐሥር በላይ የሞከሩም አሉ። ጀርመኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለምሽግ ብለው ለማውዘር ሃያ የሚይዝ ካዝና ሠሩለት፤ አሜሪካኖች ለስፕሪንግፊልድ ጠመንጃቸው ሃያ አምስት የሚይዝ ሠሩ። ሁለቱም መደበኛ ትጥቅ ሳይሆኑ ቀሩ። ከሆዱ ሥር ረጅም ሣጥን የተንጠለጠለበት ጠመንጃ ይዞ በደረት መተኛት ያስቸግራል፤ ሰውየው ራሱን ከፍ ማድረግ ግድ ይሆንበታል። ሃያ ጥይት ብቻውን ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ይህን ሁሉ ከታች ወደ ላይ የሚገፋ ሞላም ጠንካራ መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ እያንዳንዱን ጥይት የሚያጎርሰው ያው የሰው እጅ ነው። የስዊሶች ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1889 ባለ ዐሥራ ሁለት ካዝና ይዘው ተነሡና በ1911ዱ ሞዴል ራሳቸው ወደ ስድስት አወረዱት።

የካናዳ ሬንጀሮች፣ የሰሜኑን በረዷማ ጠረፍ የሚቃኙት፣ ከተቋቋሙበት እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ለሰባ ዓመት ያህል ሊ ኢንፊልድን ተሸክመዋል። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጨረሻ የተተካላቸው ሲ 19 የተባለው ጠመንጃም በእጅ የሚቀረቀር ነው፤ ካዝናውም ዐሥር ይይዛል። አዲሱ ጥይት ጠርዙ ከቀለሁ ውፍረት ስለማይወጣ የላዩ ከታቹ ፊት ይሁን ብሎ መጠንቀቅ ቀርቶላቸዋል።