የጫጩት መድኃኒት በሰው ሕክምና ላይ ስለሚያመጣው ጉዳት

ፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት ከሌላው መድኃኒት የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የራስ ምታት መድኃኒት ሺህ ሰው ቢወስደው ለሚቀጥለው ሕመምተኛ ኀይሉ አይቀንስም፤ ፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት ግን ያለ በቂ ምክንያት በተሰጠ ቍጥር ለሌላው ሕመምተኛ የሚሰጠው ጥቅም እየደከመ ይኼዳል። ስለዚህ ለእንስሳት የሚሰጠው መድኃኒት የከብቱ ወይም የዶሮው ባለቤት ጉዳይ ብቻ ሳይኾን የሕዝብ ኹሉ ጉዳይ ነው። ይህንንም በካናዳ አገር በኬቤክ ጠቅላይ ግዛት በዶሮ ሥጋ ላይ የታየው ነገር በግልጥ ያስረዳል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሳልሞኔላ በዐይን የማይታይ ረቂቅ ተሐዋሲ ነው። ብዙ ጊዜ በዶሮ አንጀት ውስጥ፥ ዶሮዋን ሳያሳምማት፥ ይኖራል። ዶሮዋ ታርዳ በምትበለትበት ጊዜ ከአንጀቷ ወጥቶ ሥጋውን ይነካል፥ ከሥጋውም ጋራ ወደ ገበያ ይወጣል። ወደ ሰው በገባ ጊዜ ትኵሳት፥ የሆድ ቍርጠትና ተቅማጥ ያመጣል። ከሚታመሙት የሚበዙት በጥቂት ቀን ውስጥ ያለ መድኃኒት ይድናሉ። ነገር ግን በሕፃናት፥ በሽማግሌዎችና ሰውነታቸው በደከመ ሰዎች ዘንድ ተሐዋሲው ወደ ደም ሊገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ ነፍስ የሚያድነው መድኃኒቱ ነው። ለዚህም ከሚመረጡት መድኃኒቶች አንዱ ሴፍትሪያክሶን ይባላል፤ እርሱም በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የታወቀና በብዛት የሚሠራበት ነው።

በኬቤክ የነበሩ ጫጩት ማስፈልፈያዎች ሴፍቲዮፉር የሚባለውን መድኃኒት ገና ባልተፈለፈለው እንቍላል ውስጥ በመርፌ ያስገቡ ነበር። ይህንም የሚያደርጉት ጫጩቱ ስለ ታመመ አይደለም፤ ኢ ኮላይ የተባለው ተሐዋሲ በእምብርቱ ገብቶ እንዳይገድለው አስቀድመው ለመከላከል ነው እንጂ። ሴፍቲዮፉር ለእንስሳት የተሠራ ቢኾንም ከሴፍትሪያክሶን ጋራ የአንድ ወገን መድኃኒት ስለ ኾነ፥ አንዱን የሚቋቋም ተሐዋሲ ብዙውን ጊዜ ሌላውንም ይቋቋማል።

ተሐዋስያን መድኃኒትን የሚቋቋሙት እንደ ሰው ተምረው አይደለም። በብዙ ሚሊዮን ከሚቈጠሩት መካከል ጥቂቶቹ መድኃኒቱን የሚያፈርስ ነገር የሚሠራ ዘረ መል ይገኝባቸዋል። መድኃኒቱ ሌሎቹን በገደለ ጊዜ እነዚህ ይተርፉና ቦታውን ወርሰው ይበዛሉ። ከዚህም የሚከፋው፥ ይህ ዘረ መል ቀለበት በመሰለ ትንሽ ክፍል ላይ ተቀምጦ ከአንዱ ተሐዋሲ ወደ ሌላው፥ ከኢ ኮላይም ወደ ሳልሞኔላ ሊተላለፍ መቻሉ ነው። ስለዚህ አንዱን ለማጥፋት የተሰጠው መድኃኒት ሌላውን ያጠነክራል።

የካናዳ መንግሥት በሱቅ ከሚሸጥ የዶሮ ሥጋና ከታመሙ ሰዎች የተገኙትን ተሐዋስያን እያስመረመረ ያስመዘግብ ስለ ነበር ጉዳቱ ታወቀ። በ2005 መጀመሪያ ላይ የኬቤክ ማስፈልፈያዎች በፈቃዳቸው መድኃኒቱን አቆሙ። ከማቆማቸው በፊት፥ ሃይደልበርግ ከሚባለው የሳልሞኔላ ዐይነት በሱቅ ዶሮ ላይ ከተገኘው ከመቶው 62 ሴፍቲዮፉርን ይቋቋም ነበር፤ ካቆሙ በኋላ ወደ 7 ወረደ። ከታመሙ ሰዎች የተገኘውም ከመቶው 36 የነበረው ወደ 8 ወረደ። በዶሮ ሥጋ ላይ የተገኘው ኢ ኮላይም ከመቶው ከ34 ወደ 6 ዝቅ አለ። በ2007 ግን አንዳንዶቹ መድኃኒቱን በከፊል መልሰው ስለ ጀመሩ ነገሩ እንደ ገና ከፍ ማለት ጀመረ። በመጨረሻም በ2014 የካናዳ ዶሮ አርቢዎች ለሰው ሕክምና ከኹሉ ይልቅ የሚያስፈልጉትን እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ለመከላከያ ብቻ መስጠትን በመላው አገሩ አስቀሩ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ይገኛል። አንደኛ፥ በጤነኛ ጫጩት ላይ የባከነው መድኃኒት ከታመመ ሰው የተወሰደ ነው። ኹለተኛ፥ በጊዜ የታቀበ ሰው ከጠፋው ብዙውን መልሶ ያገኛል። ሦስተኛ፥ መዝገብ ባይኖር ኖሮ ጉዳቱም ጥቅሙም ባልታወቀ ነበር።

ርባታ ያለው ሰው ጫጩቶቼ ይሞቱብኛል ቢል አቤቱታው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የእምብርት በሽታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቈሸሸ እንቍላልና ካልጸዳ ማስፈልፈያ ነው። የተሰነጠቀና ኵስ የነካው እንቍላል እንዳይገባ ማድረግ፥ መሣሪያውን ከፍልፈላ እስከ ፍልፈላ ማጠብ፥ ጕዝጓዙን ደረቅ አድርጎ መጠበቅና ክትባቱን በጊዜው ማስከተብ መድኃኒት የሚፈልገውን በሽታ ያሳንሳሉ። በእውነት የታመመ መንጋ ግን መታከም ይገባዋል፤ የሚታከመውም በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ነው።

በቤት በኩልም ማወቅ የሚያሻው፥ መድኃኒትን የሚቋቋም ተሐዋሲ እሳትን አለመቋቋሙ ነው። ሥጋው ውስጡ ድረስ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ ሳልሞኔላው ይሞታል፤ ስለዚህ በሚገባ የበሰለ ዶሮ ወጥ አያሠጋም። የሚያሠጋው ጥሬው ሥጋ በሚታጠብበት ጊዜ የሚረጨው ውሃ፥ እንዲሁም ሳይታጠብ ሰላጣ የሚቈረጥበት ቢላዋና መክተፊያ ነው።

ስለዚህ በየወረዳው ያለ ሹም የሚከተሉትን ቢከታተል መልካም ይኾናል።

1ኛ/ በየርባታውና በየማስፈልፈያው የተሰጠው መድኃኒት ስሙ፥ መጠኑ፥ ቀኑና ምክንያቱ በመዝገብ እንዲጻፍ፤

2ኛ/ ፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት ያለ ሐኪም ወረቀት በገበያ እንዳይሸጥ፤

3ኛ/ ለጤነኛ ዶሮ በመኖ ወይም በውሃ ተቀላቅሎ ሲሰጥ ከተገኘ ለእንስሳት ሐኪሙ እንዲነገር።

ይህን ሥራ ማንም አያየውም፥ ምስጋናም አያስገኝ ይኾናል። ነገር ግን ደሙ በተመረዘ ሕፃን አጠገብ የቆመ ሐኪም በመርፌው የሚተማመነው ይህ ሥራ በሩቅ ስፍራ ሲሠራለት ነው።